ብረት የነካውን ጡት መልሶ ማሠራት ካንሰሩን ይቀሰቅሰዋል?

ታላቅ እህቴን እታለም ነው የምላት። ካቻምና ግራ ጡቷን አወጡላት። ኬሞውን እዚሁ ባሕር ዳር ወሰደች። ጨረሩን አዲስ አበባ ሄዳ ጨርሳ ከተመለሰች አምስት ወሯ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር ዋርካ ሥር ቁጭ ብለን ቡና እየጠጣን ሳለ ቦርሳዋን ከፈተችና አንድ ትንሽ ከረጢት እጄ ላይ አስቀመጠችው። ከአቡጀዴ የተሰፋ ነው። ስፌቱ የራሷ የእጅ ስፌት ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ። ውስጡ የፎገራ ሩዝ ሞልታዋለች። ጡት መያዣዋ ውስጥ የምትከተው እሱን ነው። «ያዢው እስኪ» አለችኝ። ከጠበቅሁት በላይ ከበደኝ። ከቀኝ ጡቷ ጋር እኩል እንዲመዝን ብላ ሦስት ጊዜ ፈትታ ሰፍታዋለች። ላብ ሲነካው ይሸታል። ባጃጅ ውስጥ መንገዱ ሲያነጥር ወደ አንገቷ ይሸሻል፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሰግድ ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል። ለዚህ ስትል ስግደት እንደቀነሰች የነገረችኝ ያን ቀን ነው።

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ። «ጡት መልሰው ይሠራሉ አሉ። እውነት ነው? ግን ብረት ነክቶት ዝም ያለውን ነገር እንደገና በብረት ባስነካው አይቀሰቀስብኝም?»

እኔ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ እዚያው አልመለስኩላትም። ሳምንታት አነበብኩ፣ የሚያውቁ ሐኪሞችንም ጠየቅሁ። ይህን የምጽፈው እሷን የመሰሉ ብዙ ሴቶች ይህንኑ ጥያቄ በልባቸው ይዘው ዝም እንዳሉ ስለማውቅ ነው።

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ጡት መልሶ ማሠራት ካንሰሩን አይመልሰውም። ካንሰሩ የሚመለስ ከሆነ የሚመለሰው በራሱ ምክንያት ነው። ግን «አይመልሰውም» ማለትና «መቼም ብታሠሪው፣ በምንም ብታሠሪው ግድ የለም» ማለት አንድ አይደለም። ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ስለ ብረቱ። «ነቀርሳ ብረት ከነካው ይሰራጫል» የሚለው አባባል እኛ አካባቢ ሥር የሰደደ ነው። ከየት መጣ ብዬ ሳስብ ምክንያቱ የሚገባኝ ይመስለኛል። በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙ ካንሰሮች አንደኛው የጡት ካንሰር ነው። በዓመት ወደ 16 ሺህ የሚጠጉ አዲስ ታማሚዎች እንዳሉ ይገመታል። ብዙዎቹ ሆስፒታል የሚደርሱት እብጠቱ ካደገ፣ ብብት ከገባ፣ አንዳንዴም ቆዳውን ከቀደደ በኋላ ነው። እንዲህ ሆና የመጣች ሴት ቀዶ ሕክምና ሲደረግላት በሽታው ቀድሞ ሳንባ ወይም ጉበት ደርሶ ሊሆን ይችላል። ከዓመት በኋላ ስትሞት ሰፈሩ የሚያስታውሰው ቢላውን ነው። ከቢላው በፊት የነበሩትን ወራት ማንም አይቆጥራቸውም። እኛ ሰፈርም እንዲህ ያረፈች ሴት አውቃለሁ፤ ለቅሶው ላይ የተወራው ስለ ቀዶ ሕክምናው ብቻ ነበር።

ለእታለም ያስረዳኋት በእንቦጭ ነው። እዚሁ ዓይናችን ሥር ያለ ነገር ነውና። እንቦጭ ጣና ላይ መታየቱ በይፋ የታወቀው በፈረንጆቹ 2011 ነው (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ገበሬው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል። ነቅሎ ዳር ላይ ይቆልለዋል፣ ዞር ሲል መልሶ በቅሎ ያገኘዋል። ለምን? የቀረ ቁራጭ አለ፣ ጭቃ ውስጥ ዓመታት መተኛት የሚችል ዘርም አለ። አሁን እንበልና እንቦጩ በተነቀለበት ዳር ላይ ቄጠማ ተከልን። ከወራት በኋላ እንቦጭ ብቅ ቢል ቄጠማው አመጣው ትያለሽ? አትይም። ቄጠማው ባይተከልም ይበቅል ነበር።

የጡት ካንሰርም ከወጣ በኋላ ሲመለስ የሚመለሰው ዓይን ሊያየው የማይችል ጥቂት ሴል ቆዳው ሥር፣ ብብት ውስጥ ወይም ሌላ ቦታ ተርፎ ስለነበር ነው። ጡት ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ ደረቷ ላይ የሚመለስባቸው ሴቶች እንደ ደረጃው ቢለያይም ብዙ ጊዜ ከ100 ከ5 እስከ 10 ገደማ ናቸው። ይህንን ቁጥር የሚወስኑት የእብጠቱ መጠን፣ ብብት ውስጥ ስንት እጢ እንደተነካ፣ የካንሰሩ ዓይነት፣ ጠርዙ ንጹሕ ሆኖ መውጣቱ፣ ከዚያም ኬሞው፣ ጨረሩና የሆርሞን ክኒኑ ናቸው። ጡቱን መልሶ ለመሥራት ከሆዷ ተወስዶ ደረቷ ላይ የሚሰፋው ሥጋ ደግሞ የጡት ሥጋ አይደለም። የጡት ካንሰር ከእሱ ውስጥ አይፈልቅም።

እዚህ ላይ ሐቀኛ ልሁን። የእታለም ጥያቄ ያልተማረ ሰው ጥያቄ አይደለም። ተመራማሪዎችም ጠይቀውታል። ቁስል ሲድን ሰውነት አዲስ ሥጋና የደም ሥር እንዲበቅል የሚያደርጉ ነገሮችን ይለቃል። እነዚህ ነገሮች የተኛ የካንሰር ሴል ቢያገኙ ይቀሰቅሱት ይሆን? ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። መልሱ የተፈለገው ደግሞ ሴቶችን ለዓመታት በመከታተል ነው።

ይህን ማጥናት ቀላል አይደለም። ዕጣ አውጥቶ «አንቺ ትሠሪያለሽ፣ አንቺ ትቀሪያለሽ» ማለት አይቻልም፣ ማንም ሴት በዚህ አትስማማም። ስለዚህ ሐኪሞቹ ያደረጉት ያሠሩትንና ያላሠሩትን ማነጻጸር ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የሚያሠሩት ብዙ ጊዜ ወጣቶች፣ ጤናቸው ደህና የሆነ፣ ካንሰራቸውም ቀድሞ የተገኘ ናቸው። ዝም ብሎ ቢነጻጸር ያሠሩት የተሻለ ይኖራሉ። ያ ግን ስላሠሩ አይደለም። ስለዚህ ጠንቃቃዎቹ ጥናቶች በዕድሜ፣ በደረጃ፣ በብብት እጢና በካንሰሩ ዓይነት የሚመሳሰሉትን ሴቶች ጎን ለጎን አድርገው ነው ያዩት። በተለያዩ አገሮች ተደጋግሞ የወጣው ውጤት አንድ ነው፤ ደረት ላይ በመመለስም፣ ሌላ አካል ላይ በመውጣትም፣ በሕይወት በመቆየትም ልዩነት የለም።

ሁለተኛው ፍርሃት ይበልጥ የቆየ ነው። «ካንሰሩ ቢመለስ አዲሱ ጡት ይሸፍነዋል፣ ሳይታይ ያድጋል» የሚል። ወደ እንቦጩ ስንመለስ፣ ቄጠማው እንቦጩን አያመጣውም እሺ፣ ግን ይደብቀው ይሆን? ይህ ፍርሃት የሐኪሞችም ነበር። በ1880ዎቹ ጡትን ከደረት ጡንቻውና ከብብት እጢዎቹ ጋር አንድ ላይ ጠርጎ ማውጣትን ያስፋፋው አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዊልያም ሃልስቴድ፣ ቦታውን በሌላ ሥጋ ማስተካከልን አጥብቆ ይቃወም ነበር። የእሱ ቃል ከባድ ስለነበር ለአሥርት ዓመታት ብዙ ቀዶ ሐኪሞች ነገሩን ሸሹት። ጣሊያናዊው ኢጂኒዮ ታንሲኒ በ1906 የጀርባን ሥጋ አዙሮ ደረት ላይ የማምጣትን ዘዴ ጽፎ ነበር። ዘዴው ተረስቶ ቆይቶ በ1970ዎቹ ነው እንደገና የተነሣው። ስንት ሴት በዚህ መካከል ደረቷን ሸፍና ኖራ አለፈች ብዬ ሳስብ ያመኛል።

ይደብቀዋል ወይ? በአብዛኛው አይደብቀውም። ምክንያቱ ቦታው ነው። ጡት ከወጣ በኋላ ደረት ላይ የሚመለሰው ካንሰር በብዛት የሚወጣው ቆዳው ላይና ከቆዳው ሥር ባለው ስብ ውስጥ ነው። አዲሱ ጡት ደግሞ የሚቀመጠው ከዚያ ቆዳ ኋላ ነው። ስለዚህ እብጠቱ ፊት ለፊት ይሆናል፣ በጣት ይዳሰሳል። እንዲያውም ከኋላ ያለው ነገር ወደ ፊት ስለሚገፋው አንዳንዴ ቶሎ ይገኛል። ከአዲሱ ጡት ኋላ፣ የጎድን አጥንት ላይ የሚወጣውን ግን በጣት ማግኘት ይከብዳል፣ እሱ በሲቲ ወይም በኤምአርአይ ነው የሚታየው። እንዲህ ያለው ጥቂት ነው። የለም ግን አልልም።

ድሮ ሐኪሞች «ሁለት ዓመት ጠብቂ፣ ካልተመለሰ እናያለን» ይሉ ነበር። ዛሬ ይህ የግዴታ ደንብ አይደለም። ሆርሞን የሚቀበለው ዓይነት የጡት ካንሰር ከ10 እና ከ15 ዓመት በኋላም ሊመለስ ይችላል። ታዲያ እስከ መቼ ትጠብቅ?

አሁን ወደ «መቼ» ልግባ። ቅድሚያ የካንሰሩ ሕክምና ነው። በዚህ ላይ ድርድር የለም። ጡቱ በወጣበት ቀን እዚያው መልሶ መሥራት ይቻላል፣ በብዙ አገር የተለመደ ነው። ግን ቀዶ ሕክምናው ይረዝማል፣ የሚድነው ቁስልም ይበዛል። ቁስሉ ካመረቀዘ ወይም የተሰፋው ሥጋ ጠርዝ ከሞተ ኬሞ መጀመር አይቻልም፣ ኬሞ ነጭ የደም ሴሎችን ስለሚያወርድ ያልዳነ ቁስል ይዞ መግባት አደገኛ ነው። ብዙ ጊዜ መዘግየቱ የሁለትና የሦስት ሳምንት ያህል ነው፣ ጉዳትም አያመጣም። ኬሞው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከሦስት ወር በላይ ከዘገየ ግን ጥቅሙ ይቀንሳል፣ በተለይ ትሪፕል ኔጌቲቭ በሚባለው ኃይለኛ ዓይነት። በእኔ አስተያየት ትልቁ የካንሰር አደጋ ያለው እዚህ ነው። አዲሱ ጡት አይገድልም። ዋናው መድኃኒት እንዲዘገይ ካደረገ ግን ይጎዳል።

በእኛ ሁኔታ ይህ ድርብ ይሆናል። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከባሕር ዳር ተነስቶ አዲስ አበባ መመላለስ፣ ቤት መከራየት፣ ተራ መጠበቅ፣ ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ተራዋን ስትጠብቅ ቁስሏ ያልዳነ ሴት ተራዋ ሊያልፋት ይችላል።

ጨረሩ ራሱም ሌላ ጉዳይ ነው። ጨረር ያረፈበት ቆዳ ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ የደም ዝውውሩም ይደክማል። በጡቱ ቦታ ሲሊኮን፣ ማለትም ሰው ሠራሽ ሙሌት፣ ከገባ በኋላ ጨረር ከመጣ ሰውነት በሲሊኮኑ ዙሪያ የሚሠራው ሽፋን ይኮማተርና ጡቱ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ያማል። ከራሷ ሥጋ የተሠራውም በጨረር ሊሸበሸብና ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ጨረር እንደሚያስፈልጋት አስቀድሞ ለታወቀ ሴት ብዙ ሐኪሞች ጨረሩ ካለቀ በኋላ ከ6 ወር እስከ ዓመት ጠብቆ፣ በራሷ ሥጋ መሥራትን ይመርጣሉ። ጡቱ ቀልቶ፣ ሞቆ፣ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ የሚሆንበት ኃይለኛ ዓይነት ካንሰር ያለባት ሴት ደግሞ በዚያው ቀን መልሶ መሥራት አይመከርላትም። እዚያ ላይ ቆዳው ራሱ በበሽታው የተያዘ ነው፣ ቆዳ እናትርፍ ማለት በሽታ ማትረፍ ነው።

ቆዳ ስለማትረፍ ካነሣሁ፣ በዚያው ቀን ለሚሠራላት ሴት ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ቆዳውን ትቶ የውስጡን ሥጋ ብቻ ያወጣል። ትራስ አስቡ፤ ጥጡ ይወጣል፣ ጨርቁ ይቀራል፣ ከዚያ በሌላ ይሞላል። ይህ ዘዴ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የተስፋፋ ነው። ካንሰሩ ቆዳው ላይ ካልደረሰ ቆዳ ማትረፉ የመመለሱን ዕድል አይጨምርም። የጡት ጫፍን ማትረፍ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የወተት ቱቦዎቹ ሁሉ የሚገናኙት እዚያ ነውና ከጫፉ ሥር ናሙና ተወስዶ ንጹሕ መሆኑ መታየት አለበት። ካንሰር ከተገኘ ጫፉም ይወጣል።

በምን ይሠራል? ሁለት መንገድ አለ፤ በራስ ሥጋ ወይም ኢምፕላንት በሚባለው ደረት ውስጥ በሚቀመጥ ሰው ሠራሽ ሙሌት (ለምሳሌ ሲሊኮን)፣ አንዳንዴም በሁለቱም። የራስ ሥጋ የሚመጣው ከጀርባ ወይም ከሆድ ነው። ከጀርባ ሲሆን ቆዳና ጡንቻው ከደም ሥሩ ሳይለይ በብብት ሥር ዞሮ ደረት ላይ ይሰፋል። ከሆድ ሲሆን ከእምብርት በታች ያለው ቆዳና ስብ ይወሰዳል። ካርል ሃርትራምፕፍ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1982 የሆድ ጡንቻን ጨምሮ የሚወሰድበትን ዘዴ ካሳወቀ በኋላ ነው የተስፋፋው። ዛሬ ጡንቻውን ትቶ ስቡን ከትንንሽ የደም ሥሮቹ ጋር ብቻ ወስዶ ደረት ላይ በማይክሮስኮፕ መስፋትም ይቻላል፣ ይህ ግን ልዩ ሙያና ረጅም ሰዓት ይጠይቃል። አራት ለወለደችው እታለም ይህን ስነግራት ሆዷን ጨብጣ «ከዚህስ ይውሰዱ!» ብላ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

አዲሱ ጡት ወተት አይሰጥም። እንደ ቀድሞው ሙሉ ስሜትም አይኖረውም። ይህ አስቀድሞ መነገር ያለበት ነገር ነው።

ኢምፕላንቱ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ከካንሰር ጋር የሚያያዝ እውነተኛ ነገር ያለው እዚህ ነው። ሲሊኮን ኢምፕላንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሴት ደረት ውስጥ የገባው በ1962 አሜሪካ፣ ሂውስተን ከተማ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ክርክር ተነሣ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ1992 ሲሊኮኑን ለውበት ብቻ ለሚፈልጉት አገደ፣ ካንሰር ኖሮባቸው ጡታቸው ለወጣ ሴቶች ግን በጥናት ክትትል ውስጥ ሆኖ እንዲሰጥ ፈቀደ። ተጠንቶ ካለቀ በኋላ በ2006 እገዳው ተነሣ። ሲሊኮን የጡት ካንሰር ያመጣል የሚል ማስረጃ አልተገኘም።

ሌላ ነገር ግን ተገኘ። ኢምፕላንቶች ገጻቸው ሁለት ዓይነት ነው፤ ልስልስና ሸካራ። ሸካራው የተሠራው ቦታውን ይዞ እንዳይንሸራተት ነው። በሸካራው ዙሪያ በሚሠራው ሽፋን ውስጥ፣ በጥቂት ሴቶች ላይ፣ ሊምፎማ የሚባል ካንሰር እንደሚነሣ ታየ። ይህ የጡት ካንሰር መመለስ አይደለም፣ የነጭ የደም ሴል ካንሰር ነው። መጀመሪያ የተዘገበው በ1997 ነው። በ2016 የዓለም ጤና ድርጅት ራሱን የቻለ በሽታ ብሎ መዘገበው። በ2019 ፈረንሳይ በጣም ሸካራ የሆኑትን አገደች፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ አለርጋን የተባለው ኩባንያ ባዮሴል የሚባሉትን ሸካራ ኢምፕላንቶች ከዓለም ገበያ ሰበሰበ። እስካሁን በዓለም ዙሪያ ከ1 ሺህ በላይ ሴቶች ላይ ተዘግቧል። ኢምፕላንት ያስገቡ ሴቶች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ስለሆኑ በጣም ጥቂት ነው። ግን አለ፣ ስለዚህም መነገር አለበት።

ምልክቱን ያዙልኝ። ኢምፕላንት ከገባ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 10 ዓመት አካባቢ፣ አንዱ ጡት ሳይታሰብ በፈሳሽ ያብጣል። እንዲህ ሲሆን «ይለፈኝ» ተብሎ አይታለፍም። ፈሳሹ በመርፌ ተወስዶ ይመረመራል። ቶሎ ከተገኘ ኢምፕላንቱን ከነሽፋኑ ማውጣት ብቻውን ብዙዎቹን ያድናል። በ2022 ደግሞ ያው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ከዚህም ያነሱ፣ እጅግ ጥቂት ሌሎች ካንሰሮች በሽፋኑ ውስጥ ስለመታየታቸው አሳስቧል፣ በልስልሱም በሸካራውም። ኢምፕላንት የዕድሜ ልክ ዕቃ እንዳልሆነም ይወቅ፤ ሊቀደድ፣ ሊቀየር፣ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ውጭ አገር ሄዳም ሆነ አገር ውስጥ የምታስገባ ሴት የኢምፕላንቱን ዓይነትና ቁጥር የያዘውን ካርድ ጠይቃ ትቀበል፣ ከልጆቿ የክትባት ካርድ ጋር አስራ ታስቀምጠው።

ስብ ከሆድ ወይም ከጭን በመርፌ መጦ ጡት ላይ መሙላትም አለ። በ1987 የአሜሪካ ፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ካንሰርን ማየት ያስቸግራል ብሎ ከልክሎት ነበር፣ በ2009 ግን አቋሙን ለወጠ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ንጽጽሮች በአብዛኛው የመመለስ ጭማሪ አላሳዩም።

አንድ ሌላ የሚያስደነግጥ ነገር ልንገራችሁ፣ ቀድሞ ያልሰማ ሰው ሌሊቱን አይተኛምና። በራስ ሥጋ በተሠራ ጡት ውስጥ ከወራት በኋላ ጠንካራ እብጠት ሊዳሰስ ይችላል። ጣት ሲያርፍበት ደረቅ የባቄላ ፍሬ ይመስላል፣ አንዳንዴ ቆዳውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ያገኘችው ሴት «መጣብኝ» ብላ ትጮኻለች። ብዙ ጊዜ ግን ደም በደንብ ያልደረሰው ስብ ሞቶ የጠነከረ ነው። ካንሰር አይደለም። በእጅ ግን አይለይም፣ ስለዚህ አልትራሳውንድ፣ ካልጠራም በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። ያገኘሽው እብጠት ሁሉ ይታይ። ሐኪሙ ሳይመረምር «ስብ ነው» ብሎ ቢመልስሽ ሌላ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ክትትሉ ላይ ሴቶች የሚሳሳቱት አንድ ቦታ አለ። ዓይናቸው ሁሉ አዲሱ ጡት ላይ ይሆንና የቀረውን ይረሱታል። ሙሉ ጡት ወጥቶ በተሠራበት በኩል ማሞግራም የሚባለው የጡት ራጅ በአብዛኛው ግዴታ አይደለም፣ በእጅ ምርመራ ይበቃል፤ ሲሊኮን ከሆነ ግን መቀደዱን ለማየት በየጥቂት ዓመቱ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ ይታያል። በሌላ በኩል ያለው ጤነኛ ጡት ግን በየዓመቱ መታየት አለበት። ሁለተኛ ካንሰር ሊነሣ የሚችለው እዚያ ነው። ታሞክሲፈን የሚባለው የሆርሞን ክኒን የታዘዘላትም «ጡቴ ተሠርቶልኛል፣ ድኛለሁ» ብላ እንዳታቆም። ክኒኑ ለዓመታት ነው። ደም የማርጋት ጸባይ ስላለው ለቀዶ ሕክምናው ሐኪሙ ለጥቂት ሳምንታት ሊያስቆማት ይችላል፣ ያ በሐኪም ትእዛዝ ነው፣ ከዚያ ትቀጥላለች። ፋርማሲያችን መጥተው «ጸበል ጀምሬያለሁ፣ ክኒኑን ተውኩት» የሚሉኝ እናቶች አሉ። ጸበሉን ጠጡ፣ ተጠመቁ፣ እኔም እጠመቃለሁ። ክኒኑንም ዋጡ። አባቶችም ቢጠየቁ መድኃኒትሽን ጣይ የሚሉ ብዙዎቹ አይደሉም።

እውነቱን ለመናገር በአገራችን ጡት መልሶ መሥራት ገና ብዙ አልተለመደም። ፕላስቲክ ሰርጂኖች ጥቂት ናቸው፣ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ናቸው። ወጪም አለው። ግን ጠይቆ ማወቅ መብት ነው። እታለም ይህን ጥያቄ ከእኔ በፊት ለአንድ የጤና ባለሙያ አንሥታ ነበር። «በ46 ዓመትሽ፣ አራት ወልደሽ፣ ጡት ምን ያደርግልሻል?» አላት። ስሙን አልጽፍም፣ የሠራበትንም ቦታ አልጽፍም። ግን ያቺ ቃል ስምንት ወር አፏን ዘጋቻት። ሴት ልጅ ልብሷ ልክ እንዲሆንላት፣ ሳትሸማቀቅ እንድትሰግድ፣ ገላዋን ስትታጠብ ዓይኗን እንዳትጨፍን መፈለጓ ቅንጦት አይደለም። የማትፈልግም አለች፣ ደረቷን እንደሆነ ይዛ በደስታ የምትኖር። የእሷም ልክ ነው።

ባለፈው ወር አብሬያት ሄጄ ሌላ ሐኪም አየናት። ጠባሳዋን በጣቱ ቀስ ብሎ ተከተለ። ጨረር ያረፈበትን ጥቁር ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ ምን ያህል እንደሚነሣ አየ። ከዚያ «እህቴ፣ ጥሩ ጠየቅሽ» አላት። ካንሰሩን አይመልሰውም አላት፣ እኔ ካነበብኩት ጋር አንድ ነው። በሲሊኮን ሳይሆን በሆዷ ወይም በጀርባዋ ሥጋ ቢሆን ይሻላል አለ፣ በጨረሩ ምክንያት። ግን አሁን አይሆንም። የሦስት ወር አማካይ ስኳሯ ከፍ ብሏል፣ በዚያ ስኳር ቁስል አይድንም። ስኳሯ ይስተካከል፣ ጨረሩ ካለቀ ዓመት ይሙላው፣ የቀኝ ጡቷም ማሞግራም ይነሣ፣ ከዚያ አዲስ አበባ እጽፍልሻለሁ አላት። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቤት ውስጥ አለ ወይ ብሎም ጠየቃት፤ ለካስ ጢሱም የተሰፋ ሥጋ ይገድላል።

ቅዳሜ ገበያ ወርደን የተፈተለ ሳይሆን የተባዘተ ጥጥ ገዛን። ሩዙን ዘርግፋ ለዶሮዎቿ ሰጠች፣ ከረጢቱን አጥባ በጥጥ ሞላችው። ቀለል አለባት፣ ስለዚህ ከሥሩ አንድ እፍኝ ማሽላ ጨምራ ሰፋችው። እስከ ቀጠሮው ድረስ እሱን ትይዛለች። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከጣና ዳር እስከ ጊዮርጊስ አብረን እንራመዳለን፣ ለስኳሯ።